ቢጫውን ኮንፍላወር ለይቶ ማወቅና ከዘር ማብቀል

በዩናይትድ ስቴትስ መካከለኛው ምዕራብ የሚኖሩ ወገኖች በየዓመቱ ከጁላይ ጀምሮ ተመሳሳይ ፎቶግራፍ ይልኩልኛል፤ ረጅም ቀጭን አገዳ፣ ወደ ታች የተንጠለጠሉ ቢጫ መልካበባዎች፣ መሐሉ ላይ ቀጥ ብሎ የወጣ ግራጫ ጉብታ። አብረው የሚመጡት ጥያቄዎችም ሁለት ናቸው። አንደኛው «ይህ አደይ አበባ ነው ወይ?» የሚል ሲሆን ሁለተኛው «ዘሩን ገዝቼ ዘርቼው ነበር፤ ለምን አላበበልኝም?» የሚል ነው። ይህ መመሪያ ሁለቱን በቅደም ተከተል ይመልሳል፤ በመጀመሪያ ተክሉን ከሚመስሉት ለይተው እንዲያውቁት፣ ቀጥሎም ከዘር አብቅለው ለዓመታት እንዲያቆዩት።

ተክሉ በሳይንሳዊ ስሙ ራቲቢዳ ፒናታ ይባላል። በችግኝ መሸጫዎች «ቢጫ ኮንፍላወር» ወይም «ግሬይ ሄድ ኮንፍላወር» ተብሎ ይገኛል። ተፈጥሯዊ መኖሪያው እንደ ኢሊኖይ፣ አዮዋ፣ ዊስኮንሲን፣ ሚዙሪና ሚኒሶታ ባሉ ግዛቶች የነበረው ረጅም ሣር የሚበቅልበት ሰፊ ሜዳ፣ ማለትም ፕሬሪ ነው። አደይ አበባ፣ ኑግና ሱፍ ከሚገኙበት የዕፅዋት ቤተሰብ ይመደባል፤ ዝምድናው ግን እዚያ ላይ ያበቃል። አደይ አበባ በየክረምቱ ከዘር የሚበቅል ሲሆን ይህኛው ቋሚ ተክል ነው፤ በብርድ ወራት ከመሬት በላይ ያለው ክፍል ይደርቃል፣ ሥሩ ግን አፈር ውስጥ በሕይወት ቆይቶ በጸደይ እንደገና ያቆጠቁጣል። ቁመቱ ከ90 ሳንቲ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል፤ በተመቸው ቦታ ከዚያም ያልፋል። ዋናው የማበቢያ ጊዜው ጁላይና ኦገስት ነው።

ክፍል አንድ፦ ተክሉን ለይቶ ማወቅ

ከአበባው ቀለም አይጀምሩ። በሰሜን አሜሪካ በበጋው አጋማሽ ቢጫ የሚያብቡ የዚህ ቤተሰብ ተክሎች እጅግ ብዙ ስለሆኑ ቀለሙ ብቻውን ምንም አይነግርዎትም። የሚለየው ቅጠሉ ነው፤ ከዚያም አገዳው፣ በመጨረሻም ጉብታው።

1. የግርጌ ቅጠሎቹን ይመልከቱ።
ጎንበስ ብለው ከመሬት አጠገብ ያሉትን ቅጠሎች ይፈልጉ። የቢጫው ኮንፍላወር የግርጌ ቅጠል ረጅም አንገት ያለው ሲሆን ወርዱ እስከ መካከለኛው ጅማት ድረስ ተሰንጥቆ ከሦስት እስከ ሰባት በሚደርሱ ጠባብ ክንፎች የተከፋፈለ ነው። በጣት ሲዳሰስ ይሻክራል። በአገዳው ላይ ሽቅብ በሄዱ ቁጥር ቅጠሎቹ እያነሱና ክንፎቻቸው እየቀነሱ ይሄዳሉ፤ ከላይ ያሉት ጥቂቶቹ ጭራሹን ያልተከፈሉ ሊሆኑ ይችላሉ። አበባውን ብቻ አቅርቦ የተነሣ ፎቶግራፍ ለመለየት የማይጠቅመው በዚህ ምክንያት ነው። በተጨማሪ የቅጠሎቹን አቀማመጥ ያስተውሉ፤ በአገዳው ላይ አንዱ በአንድ በኩል፣ ሌላው ከፍ ብሎ በሌላ በኩል እየተፈራረቁ ይወጣሉ። በአደይ አበባ ላይ ግን ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይበቅላሉ። የመጀመሪያው ጥያቄ በዚህ አንድ ምልክት ብቻ መልስ ያገኛል።

2. አገዳውን ይዳስሱ።
አገዳው ቀጭን፣ ጠንካራና በአጫጭር ሻካራ ጸጉሮች የተሸፈነ ነው። ለስላሳ ሆኖ ሰም የተቀባ የሚመስል አገዳ ካገኙ በእጅዎ ያለው ሌላ ተክል ነው፤ የትኛው እንደሆነ በአምስተኛው ደረጃ ላይ ይገኛል። ቆዳቸው ለዚህ ቤተሰብ ተክሎች የሚቆጣ ሰዎች ጓንት ያድርጉ።

3. ጉብታውንና መልካበባዎቹን ይመርምሩ።
አንድ አበባ የሚመስለው ነገር በእውነቱ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ነው። መካከል ያለው ጉብታ የእንቁላል ቅርጽ ያለው ሲሆን ቁመቱ ከአንድ እስከ ሁለት ተኩል ሳንቲ ሜትር ነው። መጀመሪያ ላይ አረንጓዴ የተቀላቀለበት ግራጫ ይሆናል፤ ከዚያ በላዩ ላይ ያሉት ጥቃቅን አበቦች ከግርጌ ጀምረው ቀለበት እየሠሩ ወደ ላይ ስለሚፈኩ፣ ጉብታው ከታች ቡናማ፣ ከላይ ገና ግራጫ ሆኖ የሚታይበት ጊዜ አለ። ይህን ሁለት ቀለም ያለው ጉብታ አንድ ጊዜ በቅርብ ያየ ሰው ከሌላ ጋር አያምታታውም። በዙሪያው ከ6 እስከ 15 የሚሆኑ ቢጫ መልካበባዎች አሉ፤ ርዝመታቸው እስከ ስድስት ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ሲበስሉም ወደ ታች ተንጠልጥለው አገዳውን ሊነኩ ይቀርባሉ። ገና የተከፈተ አበባ ላይ ግን መልካበባዎቹ ወደ ጎን ሊዘረጉ ስለሚችሉ ከአንድ በላይ አበባ ይመልከቱ።

4. ጉብታውን በጣትዎ ጨፍልቀው ያሽትቱ።
የበሰለው ጉብታ ሲጨፈለቅ እንስላልን የሚያስታውስ ጣፋጭ ሽታ ይሰጣል። አበባው ረግፎ በመኸር ወራት ደርቆ የቆመ ጉብታ እንኳ ሽታውን ይይዛል፤ ስለዚህ ይህ ፈተና ቢጫው ቀለም ከጠፋም በኋላ ይሠራል።

5. ከሚመስሉት ጋር ያነጻጽሩ።
እዚህ ላይ አይቸኩሉ፤ ምክንያቱም አብዛኞቹ ስሕተቶች የሚፈጠሩት ከሚከተሉት ተክሎች ጋር ነው።

በጣም የሚያሳስተው ሩድቤኪያ ላሲኒያታ ነው። እርሱም ቅጠሉ የተሰነጠቀ፣ መልካበባዎቹም ያዘነበሉ ናቸው። ነገር ግን አገዳው ለስላሳ ነው፤ ጉብታውም ግራጫ ሳይሆን አረንጓዴ የቀላቀለ ቢጫ ነው፤ እርጥብ ቦታ፣ በተለይም የወንዝ ዳር ይወዳል፤ ቁመቱ እስከ ሦስት ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ሥሩም በአፈር ውስጥ እየሮጠ ይስፋፋል። ልዩነቱ የሚጠቅመው ለስሙ ሲባል አይደለም፤ ይህን ተክል በደረቅ ጠባብ መደብ ላይ የተከለ ሰው ወይ ሲጠወልግበት ያያል፣ ወይም ውኃ ሲያገኝ መደቡን ሁሉ ይይዝበታል።

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ አንባቢያን ከሁሉ አብልጠው የሚያገኙት ብላክ አይድ ሱዛን የሚባለውን ሩድቤኪያ ሂርታ ነው፤ ከ1918 ጀምሮ የሜሪላንድ ግዛት አበባ ነው። ቅጠሉ ያልተሰነጠቀና ጸጉራም፣ ጉብታው ወደ ጥቁር የሚጠጋ ቡናማ፣ መልካበባዎቹም ወደ ጎን የተዘረጉ ናቸው። ዕድሜው አጭር ነው፤ ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ዓመት አብቦ ዘር ጥሎ ይሞታል። የቅርብ ዘመዱ ሩድቤኪያ ፉልጂዳ ግን ቋሚ ነው፤ «ጎልድስተርም» በሚል የዝርያ ስም በየሱቁ ደጃፍና በየመኪና ማቆሚያው ዳር የሚታየው እርሱ ነው። የሁለቱም ቅጠል ያልተከፈለ ስለሆነ የመጀመሪያው ደረጃ ወዲያውኑ ከዚህ ዝርዝር ያስወጣቸዋል።

ኤኪናሲያ ፓራዶክሳ በዋናነት በሚዙሪና በአርካንሶ በሚገኘው የኦዛርክ ኮረብታማ አካባቢ የሚበቅል ሲሆን ከኤኪናሲያዎች ሁሉ በተፈጥሮው ቢጫ መልካበባ ያለው እርሱ ብቻ ነው። ቅጠሉ ረጅም፣ ጠባብና ያልተከፈለ፣ ጅማቶቹም በርዝመቱ ጎን ለጎን የሚሄዱ ናቸው፤ ጉብታው ትልቅና እሾሃማ ነው፤ የሚያብበውም ቀደም ብሎ፣ ጁን አካባቢ ነው። በሱቅ የሚሸጡ ቢጫ ኤኪናሲያዎች አብዛኞቹ ከእርሱ የተዳቀሉ ናቸው፤ በጉብታቸው ሻካራ እሾህ ይታወቃሉ።

ራቲቢዳ ኮሉምኒፌራ በደረቃማዎቹ የምዕራብ ሜዳዎች የሚገኝ አጭር ዘመዱ ነው። ጉብታው እንደ ጣት ቀጥ ብሎ እስከ አራትና አምስት ሳንቲ ሜትር ስለሚረዝም ከመልካበባዎቹ ይበልጣል፤ በቢጫው ላይ ቀይ ቡናማ ቀለም የሚታይበትም አለ።

ማስጠንቀቂያ፦ ኮንፍላወር የሚለው ስም ለኤኪናሲያም ስለሚውል፣ በሻይ መልክ የሚሸጠው የኤኪናሲያ መድኃኒት ከዚህ ተክል የሚገኝ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። አይደለም። ቅጠሉንም ሆነ ሥሩን አፍልተው አይጠጡ።

ክፍል ሁለት፦ ከዘር ማብቀል

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- በከረጢቱ ላይ ራቲቢዳ ፒናታ የሚል ሳይንሳዊ ስም የተጻፈበት ዘር። አንድ ግራም ወደ አንድ ሺህ የሚጠጋ ዘር ስለሚይዝ ትንሹ ከረጢት ለአንድ ቤት ከበቂ በላይ ነው።
- ለማቀዝቀዝ አንድ እፍኝ የታጠበ አሸዋ (ወይም ወፍራም የወጥ ቤት ወረቀት) እና ዚፕ ያለው የፕላስቲክ ከረጢት፤ ወይም በዚህ ፈንታ ባዶ የወተት ጋሎን
- ለዘር የሚሆን ረቂቅ የችግኝ አፈር
- ከሥሩ ቀዳዳ ያላቸው የችግኝ ማፍያዎች፣ ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው
- ውኃ በረቂቁ የሚረጭ ጠርሙስ
- መቀስ፣ የእጅ መቆፈሪያ፣ ጓንት፣ በዝናብ የማይጠፋ ብዕርና መለያ ምልክቶች

ማዳበሪያ በዝርዝሩ ውስጥ የሌለው ተረስቶ አይደለም።

6. ቦታውን ከዘሩ በፊት ይምረጡ።
በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ያስፈልጋል። በጥላ ውስጥ አገዳው ብርሃን ፍለጋ ይረዝምና አበባውን መሸከም አቅቶት ይጋደማል። በአፈር ረገድ ግን ተክሉ አይመርጥም፤ ዋልካ መሰል ከባድ አፈርም ሆነ ድንጋያማ መሬት ይችላል፤ ሥሩ ከተደላደለ በኋላ ድርቅንም ይቋቋማል። የማይችለው በብርድ ወራት ውኃ የሚተኛበትን ቦታ ነው፤ ሥሩ ይበሰብሳል። ዝናብ ካባራ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ወጥተው ይመልከቱ፤ ውኃ አቁሮ ካገኙት ሌላ ቦታ ይምረጡ።

የቤት ባለቤቶች ማኅበር ባለበት ሰፈር የሚኖሩ ከሆነ ደንቡን አስቀድመው ያንብቡ። ከፊት ለፊት ባለው ግቢ የዕፅዋትን ቁመት የሚገድቡ ማኅበራትና ከተሞች አሉ፤ የአንድ ሜትር ተኩል ተክል ለማያውቀው ተቆጣጣሪ አረም ይመስለዋል። በጓሮ ወይም በአጥር ጥግ መትከል ከክርክር ያድናል።

7. ዘሩን ከታማኝ ቦታ ያግኙ።
በተቻለ መጠን የአካባቢዎን አገር በቀል ዕፅዋት ዘር ከሚያመርት ሻጭ ይግዙ፤ ከአካባቢው የተሰበሰበ ዘር የቦታውን ብርድና ዝናብ የለመደ ነው። «የሜዳ አበቦች ድብልቅ» የሚሉትን ርካሽ ከረጢቶች ይተዉ፤ በውስጣቸው ያለው ምን እንደሆነ በቅጡ አይታወቅም፤ ብዙዎቹም የአንድ ዓመት አበቦች ናቸው። ችግኝ የሚገዙ ከሆነ ኒኦኒኮቲኖይድ በተባለው የተባይ መድኃኒት ያልታከመ መሆኑን ሻጩን ይጠይቁ፤ መድኃኒቱ በተክሉ ውስጥ ቆይቶ በአበባው ላይ የሚመገቡትን ንቦች ይጎዳል።

ማስጠንቀቂያ፦ ከመንገድ ዳር፣ ከፓርክ ወይም ከተጠበቀ ሜዳ ተክሉን አይንቀሉ፤ ዘርም ቢሆን ያለ ፈቃድ አይልቀሙ። በብዙ ቦታ በሕግ ያስጠይቃል፤ ከዚያም በላይ ከቀድሞው ፕሬሪ የተረፈው ቁራጭ ጥቂት ነው።

8. ዘሩን በብርድና በእርጥበት ያሳድሩት።
ሁለተኛውን ጥያቄ ከሚያስነሡት ምክንያቶች ዋነኛው ይህን ደረጃ መዝለል ነው። ዘሩ በተፈጥሮው በመኸር መሬት ላይ ወድቆ፣ ብርዱን በእርጥብ አፈር ላይ አሳልፎ፣ በጸደይ ይበቅላል። በሞቀ ጊዜ ወዲያው ቢበቅል ቡቃያው በመጀመሪያው ውርጭ ስለሚሞት፣ ዘሩ ብርዱ ማለፉን የሚያውቅበት መከላከያ አለው። ይህ መከላከያ በዚህ ተክል ላይ እንደ አንዳንድ የፕሬሪ ዕፅዋት ጠንካራ አይደለም፤ ሳይቀዘቅዝ የሚበቅል ዘርም ይገኛል። ነገር ግን አንድ ወር ያህል በብርድ ያደረው ዘር በብዛትም በእኩልነትም የተሻለ ይበቅላል። ከሁለት መንገዶች አንዱን ይምረጡ።

የመጀመሪያው በማቀዝቀዣ ነው። አሸዋውን በውኃ ያርጥቡት፤ በእጅዎ ጨብጠው ሲጨምቁት ተያይዞ መቅረት አለበት እንጂ ውኃ መንጠባጠብ የለበትም። ዘሩን ከአሸዋው ጋር ቀላቅለው በከረጢቱ ውስጥ ይጨምሩ፤ ስሙንና ቀኑን ይጻፉበት፤ ከዚያም ከ1 እስከ 5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚሆነው የማቀዝቀዣው ክፍል ለ30 ቀን ያስቀምጡት። በየሳምንቱ ከፍተው ይመልከቱ፤ ከደረቀ ትንሽ ውኃ ይርጩበት፤ ሻጋታ ከታየ አሸዋውን ይቀይሩ። ነጭ ሥር ብቅ ያለ ዘር ካገኙ ቀኑ ባይሞላም ወዲያው ይዝሩት። በረዶ ማምረቻው ክፍል ውስጥ አይጨምሩት፤ በዘሩ ውስጥ የሚካሄደው ለውጥ እርጥበት ይፈልጋል፤ ውኃው በረዶ ሲሆን ለውጡ ይቆማል። ደረቁን ዘር በወረቀት ከረጢቱ እንዳለ በማቀዝቀዣ ማስቀመጥም ያው ከንቱ ነው፤ ዕድሜውን ያቆይለታል እንጂ ለመብቀል አያዘጋጀውም።

ሁለተኛው መንገድ ውጭ ማሳደር ነው፤ ለሥራ ለሚጣደፍ ሰው የምመክረው ይህንን ነው። የወተቱን ጋሎን በወገቡ ዙሪያ ቆርጠው በእጀታው በኩል ጥቂት ያስቀሩለት፤ እንደ ክዳን ይከፈታል። ከሥሩ በርካታ ቀዳዳዎች ያብጁለት፤ አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል የችግኝ አፈር ሞልተው ያርጥቡት፤ ዘሩን በላዩ በትነው በመዳፍዎ ጫን ጫን ያድርጉት። ጋሎኑን መልሰው በማጣበቂያ ፕላስተር ይዝጉት፤ የአፉን ቡሽ ግን ያስወግዱት፤ ዝናቡና በረዶው የሚገባው በዚያ ነው። ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ባለው ጊዜ ውጭ ያስቀምጡትና ይተዉት። የብርዱን ሥራ አየሩ ራሱ ይሠራል፤ ችግኙም ከውጭ አየር ጋር ተላምዶ ስለሚያድግ አሥረኛው ደረጃ አያስፈልግዎትም። ጸደይ ሲገባና ፀሐዩ ሲጠነክር ክዳኑን ቀን ቀን ይክፈቱለት፤ አለዚያ ቡቃያው በሙቀት ይቀቀላል።

9. ይዝሩ።
በማቀዝቀዣ ያደረውን ዘር፣ በአካባቢዎ የመጨረሻው ውርጭ ከሚጠበቅበት ቀን ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቀድመው በማፍያዎቹ ውስጥ ይዝሩት። ዘሩ ከኑግ ፍሬ አነስ ያለ ስለሆነ ጥልቅ አይቅበሩት፤ ከላዩ እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ስስ አፈር መበተን ይበቃል። ትንሽ ዘር የያዘው ስንቅ ጥቂት ነው፤ ብዙ አፈር ከተጫነው ወደ ብርሃን ሳይደርስ ስንቁ ያልቃል። ውኃውን በረቂቁ ይርጩ እንጂ ከላይ አያፍስሱ፤ ዘሩ ታጥቦ ወደ አንድ ጥግ ይከማቻል። ክፍሉ ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚሆን ሙቀት ካለው ቡቃያው ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ይታያል። እንደታየ በቂ ብርሃን ይስጡት፤ የመስኮት ብርሃን ብዙውን ጊዜ አይበቃም፤ ቡቃያው ከቀጠነና ካዘመመ ምልክቱ ያ ነው። ሁለት ሁለት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ በየማፍያው ጠንካራውን አስቀርተው ሌሎቹን በመቀስ ይቁረጡ፤ ቢነቅሏቸው የሚቀረውን ሥር ይነቀንቃሉ።

የመጀመሪያዎቹ ቅጠሎች ሞላላና ያልተከፈሉ መሆናቸው አያስደንግጥዎት፤ የተሰነጠቀው ቅጠል ችግኙ ጥቂት ሲጠነክር ይመጣል። ይህን የማያውቁ ሰዎች የተሳሳተ ዘር የተሸጠላቸው መስሏቸው ይጥሉታል።

10. ችግኙን ከውጭ አየር ጋር ያላምዱ።
ውርጭ ካለፈ በኋላ ከ7 እስከ 10 ቀን፣ መጀመሪያ በጥላ ሥር ለጥቂት ሰዓት፣ ቀጥሎ እያስረዘሙ ወደ ፀሐይ ያውጡት። ቤት ውስጥ ያደገ ቅጠል በአንድ ቀን ፀሐይና ነፋስ ይቃጠላል።

11. ይትከሉ።
አረሙን ከነሥሩ ያጽዱ፤ በተለይ በአሜሪካ ግቢዎች የተለመደውን የሣር ምንጣፍ ቁርጥራጭ አያስቀሩ። በችግኞቹ መካከል ከ45 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይተዉ። የችግኙ አንገት ከመሬቱ ጋር እኩል ይሁን፤ ከዚያ በታች ከቀበሩት ይበሰብሳል። ከተቻለ ሊትል ብሉስተም ከተባለው አገር በቀል ሣር ወይም ከሐምራዊው ኮንፍላወር ጋር አሰባጥረው ይትከሉት፤ ብቻውን የቆመ ቀጭን አገዳ በነፋስ ይወድቃል፣ በጎረቤት ተክሎች መካከል ያለው ግን ተደግፎ ይቆማል። ማዳበሪያም ሆነ ፍግ አይጨምሩ። ለቲማቲምና ለቃሪያ የሚበጀው የለማ አፈር ለዚህ ተክል ጉዳት ነው፤ ናይትሮጅን ሲበዛ አገዳው ለስልሶ ይረዝማል፣ አበባውም ሲከብደው መሬት ይተኛል።

12. በመጀመሪያው በጋ ውኃ ያጠጡ፤ አበባ አይጠብቁ።
ዝናብ በማይኖርበት ሳምንት 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ውኃ በአንድ ጊዜ በጥልቀት ያጠጡ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማርከፍከፍ ሥሩ ላይ ላዩን እንዲቀር ያደርገዋል፤ አልፎ አልፎ በጥልቀት ማጠጣት ግን ሥሩን ወደ ታች ይስበዋል። በዚህ ዓመት የሚያዩት ከመሬት ያልራቀ የቅጠል ክምችት ብቻ ሊሆን ይችላል። ተክሉ ኃይሉን ሁሉ ወደ ሥሩ ያወርዳል፤ አበባው በሁለተኛው ዓመት፣ ሙሉ መልኩ በሦስተኛው ይመጣል። መለያ ምልክቱን የምጠይቅዎት ለዚህ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት በኩትኳቶ ጊዜ እንደ አረም ተነቅሎ የሚሄደው ተክል ከብርድ ከሚሞተው ይበልጣል።

ዘሩን በማፍያ ሳይሆን በቀጥታ በሰፊ መደብ ላይ በኖቬምበር የዘሩ ሰዎች ደግሞ በመጀመሪያው በጋ አረሙ በረዘመ ቁጥር ሁሉንም ወደ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያጭዱት። ቡቃያው ከዚያ በታች ስለሆነ አይነካም፤ ጥላ የሚጥልበት አረም ግን ይቆረጣል።

13. ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ የሚደረግ እንክብካቤ።
ውኃ ከረጅም ድርቅ በቀር አያስፈልገውም። ተክሉ ከረዘመብዎ በጁን መጀመሪያ፣ እምቡጥ ሳይታይ፣ የላይኛውን ሲሶ ይቁረጡ፤ ጎን ለጎን ቅርንጫፍ አውጥቶ ያጥራል፤ አበባውም ይዘገያል። ለእንቁጣጣሽ ጥቂት አበባ እንዲቆይላቸው የሚፈልጉ ሰዎች ግማሾቹን ተክሎች ቆርጠው ግማሾቹን ቢተዉ ማበቢያው ይራዘምላቸዋል፤ ሆኖም የበጋው ሙቀት ከበረታ እስከ ሴፕቴምበር 11 ስለመድረሱ ቃል የሚገባ ሰው የለም። በቅጠሉ ላይ ነጭ ዱቄት የሚመስል ሻጋታ ከታየ ተክሎቹን አሳስተው አየር ያስገቡላቸው፤ መድኃኒት መርጨት አያስፈልግም። ቅጠሉን የሚበሉ ትሎችም ካገኙ ይተዋቸው፤ ሲልቨሪ ቼከርስፖት የተባለችው ቢራቢሮ እጮች ይህን ተክል ከሚመገቡት መካከል ናቸው፤ ጠንካራ ተክል ከዚያ ያገግማል። ጥንቸል ግን ለጋውን ችግኝ እስከ መሬት ትበላዋለች፤ በመጀመሪያው ጸደይ በሽቦ መረብ ይከልሉት።

14. ዘር ይሰብስቡ፤ አገዳውንም አይቸኩሉበት።
በኦክቶበር ጉብታው ደርቆ፣ በጣት ሲነካ መፈራረስ ሲጀምር ዘሩ ደርሷል። ደረቅ ቀን መርጠው ጉብታውን በወረቀት ከረጢት ውስጥ ፈርክሱት፤ በፕላስቲክ ካስቀመጡት በቀረው እርጥበት ይሻግታል። ሁሉንም አይልቀሙ። ጎልድፊንች የተባለችው ትንሽ ቢጫ ወፍ፣ በየጓሮው በተሰቀሉ መጋቢዎች ኑግ የምትለቅመው ራሷ፣ ከዚህ ጉብታም ትበላለች። ደረቁን አገዳ እስከ ጸደይ ይተዉት፤ በጸደይም ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ጉቶ አስቀርተው ይቁረጡት፤ አንዳንድ አገር በቀል ንቦች በአገዳው ክፍተት ውስጥ ይራባሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ የሰበሰቡትን ዘር በሻንጣ ይዘው ወደ ኢትዮጵያ አይሂዱ፤ ለዘመድም አይላኩ። ዘር ከአገር ወደ አገር የሚሻገረው በዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ነው። ፓርቴኒየም የተባለው አረምም ከአሜሪካ አህጉር የመጣ የዚሁ ቤተሰብ ተክል መሆኑን ገበሬው በሚገባ ያውቃል።

ተደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

ዘሩን በጁን ገዝቶ ወዲያው መዝራት ከሁሉ የተለመደው ነው። በእጅዎ ካለ እስከ ኖቬምበር በደረቅ ቀዝቃዛ ቦታ ያቆዩትና በስምንተኛው ደረጃ ይጀምሩ።

ሌላው የተጋደመውን ተክል «ምግብ አንሶት ነው» ብሎ ማዳበሪያ መስጠት ነው። መጋደሙ ከጥላ፣ ከለማ አፈር ወይም ከብዙ ውኃ ስለሚመጣ ማዳበሪያው ያባብሰዋል። ለዚያ ዓመት በእንጨት ይደግፉት፤ በሚቀጥለው ጸደይ ፀሐይ ወዳለበት ያዛውሩት።

በመኸር ደርቆ ሲያዩት «ሞተ» ብለው የሚነቅሉትም አሉ። ሌሎች ተክሎች ካቆጠቆጡ በኋላ ጥቂት ሳምንት ታግሠው ሳይመለከቱ ምንም አይንቀሉ።

ተክሉን ማካፈል ከፈለጉ ከአራተኛው ወይም ከአምስተኛው ዓመት በኋላ፣ በጸደይ፣ ቡቃያው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ሲሆን ያድርጉት። አንገቱ እንደ እንጨት ስለሚጠነክር በእጅ አይለያይም፤ በተሳለ አካፋ ይክፈሉት፤ እያንዳንዱ ክፍል ቡቃያም ሥርም መያዙን አረጋግጠው በዚያው ቀን ይትከሉት፤ ሥር እስኪይዝ ድረስም እንደ አዲስ ችግኝ ውኃ ያጠጡት።